የታታ ዞሊሌ መሳቢያ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደቡብ አፍሪካ፣ በምዳንትሳኔ የታክሲ መናኸሪያ፣ ሰልፍ ላይ ከቆመው ሕዝብ መካከል አንድ ሽማግሌ በኪሳቸው ያጨሱ ነበር። በአፋቸው ቢሆን ማንም ዞር ብሎ ባላያቸው፤ እዚያ ሰልፍ ላይ የሚታየው የማያጨሰው ነው። የእኚህ ሰው ጭስ ግን የሚወጣው ከጥቁር ካፖርታቸው የግራ ኪስ ነበር፤ ሽታውም ማንጎና የተቃጠለ ላስቲክ የተቀላቀለበት ነው። ባለ ካፖርቱ ራሳቸው የነቁት ከሁሉም በኋላ ነበር።

«ታታ፣ ኪስዎ እየነደደ ነው» አለች ከኋላቸው የቆመች ወጣት፣ በአገሩ ወግ አባቴ ብላ። መልስ አልጠበቀችም። ካፖርቱን ከትከሻቸው ላይ ገፍፋ ከሰልፉ ራቅ ብሎ ወዳለው አሸዋ ወረወረችው። ሰዉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ጧ ብሎ ፈነዳና ትንሽ ነበልባል ብልጭ አለ፤ ልጅቷም ከሩቅ በእግሯ አሸዋ እየገፋች ቀበረችው።

«አባታችን ዛሬ ራሳቸውን ሊጠብሱ ነው የመጡት» አለ ተራ አስከባሪው። «ጨው የያዘ ሰው አለ?»

ሰልፉ ሳቀ። ታታ ዞሊሌ አልሳቁም። ዕድሜያቸውን በባቡር ቤት የፉርጎ ፍሬን ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው ማንም ስቆባቸው አያውቅም። ካፖርቱን ባለቤታቸው ኖምቡሌሎ ነበረች የመረጠችላቸው፤ እሷ ከሞተች ወዲህ ሙቀቱ ሲበረታ እንኳ አያወልቁትም። ጭሱ ሲበርድ አንስተው አራገፉት። ኪሱ በነበረበት ቦታ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል።

«አንቺ ሊንዴካ አይደለሽም? የጓሮዋ?»

«ነኝ ታታ።»

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልናገር። ይህች ልጅ በታታ ዞሊሌ ግቢ የጓሮውን ክፍል ተከራይታ መኖር ከጀመረች ክረምቱ ገብቶ ወጥቷል። የእሷ ክፍል ግድግዳና የእሳቸው መኝታ ቤት ግድግዳ አንድ ነው። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ሁሉ ጊዜ የተለዋወጡት ግን ቧንቧው አጠገብ «እንደምን አደሩ» ብቻ ነው። እሷ በጠዋት ለሥራ እዚያው አጠገብ ወዳለችው ኢስት ለንደን ከተማ ትሄዳለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች፤ እሳቸው በራቸውን ዘግተው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ዛሬ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ለመተዋወቅ እሳት መነሣት አለበት።

«ተራችሁ አልፏል» አለ ተራ አስከባሪው። «ከኋላ ተሰለፉ።»

የኋላው ሩቅ ነበር። ሊንዴካ ሽማግሌውን አየቻቸው። «በእግር ብንሄድ ይሻላል ታታ» አለች። ጎን ለጎን መንገድ ጀመሩ።

ጥቂት እንደሄዱ ልጅቷ ዝም ማለት አልቻለችም። የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራ የወጣች ናት፤ የምትሠራውም ባትሪ በሚጠገንበት ቤት ነው። «ታታ፣ አይቆጡኝና፣ ያ ቬፕ የሚሉት የኤሌክትሪክ ሲጋራዎ ፎርጅድ ነበር።»

«አፍሽን ጠብቂ ልጄ። የሸጠችልኝ የመናኸሪያዋ ብርቱካን ሻጭ ማማ ፉንዲስዋ ናት።»

«ማን ሸጠው አላልኩም፤ ማን ሠራው ነው የምለው።»

«ስሙ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። ቀለሙም ያው ነው። እንዲያውም ትልቁ ሱቅ ከሚሸጠው ይልቅ ጭሱ የእሷ ይበዛል።»

«ጉሮሮዎን አይከረክርዎትም?»

«ይከረክረኛል። ጠንካራ ስለሆነ ነው።»

«ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። ውስጡ ያለችው ጥምዝ ሽቦ ከልኳ በላይ ትግላለች፤ ፈሳሹን የያዘው ጥጥ ይቃጠላል። እርስዎ የሚስቡት የተቃጠለ ጥጥ ነው። ሽቦዋም ከምን ብረት እንደተሠራች የሚያውቅ የለም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የኒኮቲን መጠን ከውስጡ ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው የሚጠነቀቀው ለሳጥኑ ነው፤ ዓይን የሚያየው እሱን ነዋ።»

ታታ ዞሊሌ ቆሙ። «ስሚ፤ እኔ ሲጋራ የተውኩት ኖምቡሌሎ ታማ ተኝታ ሳለች ለምናኝ ነው። ይህን ባላገኝ ኖሮ ይኼኔ ወደ ሲጋራዬ ተመልሼ ነበር። አሁን አንቺ መጥተሽ ይሄም ይገድላል ስትይኝ፣ ምን ላድርግ ነው የምትይው? ወደ ሲጋራው ልመለስ?»

«በፍጹም አይመለሱ። ኦሪጅናሉም ቢሆን መድኃኒት ነው ብዬ አልዋሽዎትም፤ እሱም ሱስ ነው፣ ለሳንባም አይበጅም። ጨርሶ መተው ከሁሉም ይበልጣል፤ ክሊኒክ ቢሄዱ ይረዱዎታል። እስኪተዉ ድረስ ግን የሚያጨሱት ነገር ቢያንስ የሚጠየቅ ባለቤት ያለው ይሁን። አንድ ነገር ቢሆኑ ማንን ይከሳሉ?»

«ባትሪውስ? ባትሪ ባትሪ ነው።»

«አይደለም ታታ። በኦሪጅናሉ ውስጥ ባትሪውን የምትጠብቅ ትንሽ ሰሌዳ አለች። ሲግል ታቋርጠዋለች፣ ሲሞላ ታቋርጠዋለች፣ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካም ታቋርጠዋለች። ፎርጅዱን የሚሠራው ሰው ብዙውን ጊዜ እሷን ይተዋታል፤ ከውጭ አትታይማ።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ በጥሞና አዩዋት። «ፍሬን የሌለው ፉርጎ ማለትሽ ነው።»

«እንደሱ ነው።»

«ሜዳ ላይ እኮ ፍሬን የሌለው ፉርጎ ካለው አይለይም» አሉ ታታ ዞሊሌ ቀስ ብለው። «የሚታወቀው ቁልቁለት ሲመጣ ነው።» ይህን ሲሉ እጃቸው የካፖርቱን ቀዳዳ ይዳብስ ነበር።

ይህን ሰምቶ የተረቱ መስሎት ደስ የሚለው አንባቢ ቢኖር አይቸኩል። ሽማግሌ በአንድ ንግግር አይረታም፤ ቢረታም ቤቱ እስኪገባ ድረስ አያምንም። ታታ ዞሊሌም የመጨረሻ ማስረጃቸውን ይዘው ነበር የሚሄዱት።

ቤት ሲደርሱ ሊንዴካን አስገብተው ወንበር ሰጧት። እንግዳ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ጋዜጣ ተከምሮ ስለነበር መጀመሪያ እሱን ማንሳት ነበረባቸው። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ባዶ የቬፕ ሳጥን አነሱ።

«እኔ ሳልፈትሽ አፌ አላስገባም» አሉ። «ይችን ኪውአር ኮድ የሚሏትን ባለ ነጠብጣብ ምስል በስልኬ አነሳታለሁ። ከሥሯ ያለውን ቀለም ስፍቀው ቁጥር ይወጣል፤ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ወዲያው መልስ ይመጣል። አንብቢው።»

ሊንዴካ አነበበች፦ «ውድ ደንበኛችን፣ እውነተኛውን ምርት መርጠዋል። ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን።»

«አየሽ?» አሉ፤ ፊታቸው ፈካ። በዚያ ቤት ውስጥ እሳቸውን ውድ ብሎ የሚጠራ ሌላ እንዳልነበረ ልጅቷ አላወቀችም።

«ታታ፣ የባቡር ቤት የሠራተኛ ቁጥርዎን ያስታውሱታል?»

«እሱን ስቀበር ነው የምረሳው።»

«ከሳጥኑ ቁጥር ፈንታ እሱን ይጻፉ።»

ሽማግሌው ጻፉ። «ውድ ደንበኛችን፣ እውነተኛውን ምርት መርጠዋል» አለ ስልኩ። የጋብቻቸውን ቀን ጻፉ፤ ያንኑ አለ። ዜሮ ብቻ ደረደሩ፤ ስልኩ አሁንም ስለ ታማኝነታቸው አመሰገነ። ታታ ዞሊሌ ስልኩን በፊቱ ደፍተው አስቀመጡት።

«ለካ እኔን አልነበረም የሚያናግረው» አሉ።

ሊንዴካ እንዳሸነፈች አወቀች፤ ደስ ግን አላላትም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ምስሉን ያተመው ሳጥኑን ያተመው ሰው ነው» አለች። «ወደ ራሱ የኢንተርኔት ገጽ ይወስድዎታል፤ ምን ቢጠይቁት አዎ ይላል። የእውነተኛውን ሠሪ ገጽ ራስዎ ፈልገው አድራሻውን በእጅዎ ካልጻፉ ፍተሻ አይባልም። እዚያ ሲጽፉ አንድ ቁጥር አንዴ ብቻ ነው ትክክል የሚሆነው፤ ሁለተኛ ቢመጣ ይኼ ከዚህ በፊት ተጠይቋል ይላል። እሱም ቢሆን የሚረዳው ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ ሲገዙ ነው።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። «ቻርጅ የሚያደርጉት የት ነው?»

«መኝታ ቤት። ትራሴ አጠገብ። ሲነጋ ሞልቶ ይገኛል።»

ልጅቷ ብድግ አለች፤ የራሷ አልጋ ከዚያ ግድግዳ ማዶ ነው። ገብታ ስታይ ቻርጀሩ ከሶኬት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከጎኑ ያረጀ ኮመዲኖ አለ። «መሳቢያውን ልየው?»

«እሱን ተይው» አሉ ታታ ዞሊሌ ከበሩ ላይ፤ ሮጥ ማለት ቢችሉ ይሮጡ ነበር። እሷ ግን እጀታውን ይዛዋለች። መሳቢያው ከመሙላቱ የተነሣ እንቢ ብሎ ቆየና በድንገት ተከፈተ። ከአፍ እስከ ገደፉ ቬፕ ነው፤ ማንጎ፣ ወይን፣ ናና፣ አብዛኛው ከነሽፋኑ።

«ይሸጣሉ እንዴ?»

«አልሸጥም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ሊያጨሰው ነው?»

ሽማግሌው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ብርቱካን ገዝቶ የሚቆም ሰው የለም» አሉ። «ትገዢያለሽ፣ ትሄጃለሽ። ቬፕ ሲሆን ግን ፉንዲስዋ ሳጥኑን ታወጣለች፣ ጣዕም እንመርጣለን፣ ይሄ መጥቷል ያኛው አልቋል ትላለች። እንዴት አደርክ ትለኛለች። በጎሳ ስሜ ትጠራኛለች፤ ራዴቤ ትለኛለች፣ ቡንጋኔ ትለኛለች። ኖምቡሌሎ ከተቀበረች ወዲህ በዚህ ስም የሚጠራኝ ሌላ የለም። ስለዚህ በየጠዋቱ እሄዳለሁ። ስሄድ ደግሞ ባዶ እጄን አልመለስም፤ ምን ብዬ ልቆም?»

በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የጎሳ ስም ለሁሉ የሚወረወር አይደለም። ሰውን በእሱ መጥራት አባቶቹን አውቃለሁ፣ ከየት እንደመጣህም አውቃለሁ ማለት ነው። እኔም እላለሁ፦ ሽማግሌው በየጠዋቱ የሚገዙት ቬፕ ሳይሆን ስማቸውን ነበር። ፎርጅድ ሠሪው ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ እሱንም ሳጥኑ ላይ ባተመው።

ሊንዴካ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ማታ ማታ ሬዲዮዎን በግድግዳው በኩል እሰማለሁ» አለች። «የራሴ ሬዲዮ አለኝ፤ አልከፍተውም። ሌላ ሰው የከፈተው ይሻለኛል። ቀደም ብለው ሲያጠፉት ክፍሉ ይጨንቀኛል።»

«ታዲያ ለምን አንኳኩተሽ አልገባሽም?»

«እርስዎስ ለምን አላንኳኩም?»

ሊንዴካ ከመሳቢያው አንዱን አነሣች።

«ታታ፣ ይሄ ሁሉ ባትሪ ጠባቂ የለውም። አንዱ ቢነሣ ሌላውን ያስነሣል። ቤቱ ከጎረቤት ጣሪያ ጋር ተያይዟል፤ ግድግዳው ማዶ እኔ ተኝቻለሁ። የሚነዱት እርስዎ ብቻ አይደሉም።»

ይህ ነበር የረታቸው። ስለ ራሳቸው ሳንባ ሲነገራቸው ክርክር ነበራቸው፤ ስለ ልጅቷ አልጋ ሲነገራቸው ግን ተነሥተው የብረት ባልዲ ፍለጋ ወጡ። ባልዲው ውስጥ አሸዋ አደረጉ። ሊንዴካ ያበጠ እንዳይኖር አንድ በአንድ እያየች፣ እንዳይጨፈለቅ እየተጠነቀቀች በአሸዋው መካከል ደረደረች። ባልዲውን ከግድግዳው አርቀው ግቢው መካከል አስቀመጡት። ሰኞ እሷ ከምትሠራበት ቤት ያገለገለ ባትሪ የሚሰበስበው መኪና ሲመጣ ይወስደዋል፤ ቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ እሳት ላይም አይወረወርም።

«ከሰኞ ጀምሮ ምን ብዬ ልሄድ ነው?» አሉ ታታ ዞሊሌ እጃቸውን እየታጠቡ።

«ደህና አደርሽ ይበሏት።»

«ነጋዴ ደህና አደርሽን ምን ታደርገዋለች?»

«አላውቅም ታታ» አለች ሊንዴካ። «እኔ የተማርኩት ባትሪ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌው ባለ ቀዳዳውን ካፖርት ለብሰው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ማማ ፉንዲስዋ በጠረጴዛዋ ላይ ብርቱካን እየቆለለች ነበር፤ ከረሜላውና የስልክ ካርዱ በአንድ ወገን፣ የቬፕ ሳጥኑ በሌላ ወገን።

«ራዴቤ፣ ቡንጋኔ» አለች ገና ስታያቸው። «ዛሬ እንጆሪ መጥቶልሃል። አዲስ ነው፤ ላንተ ብዬ ደብቄዋለሁ።»

ታታ ዞሊሌ ሌሊቱን ሲያዘጋጁት ያደሩት ንግግር ጠፋባቸው። ካፖርቱን ገልጠው ቀዳዳውን አሳዩአት። ከዚያ እንደመጣላቸው ተናገሩ፤ ስለ ሽቦዋ፣ ስለ ጠባቂዋ ሰሌዳ፣ ለዜሮ ስለሚያመሰግነው ስልክ። መጨረሻ ላይ «ከዛሬ ወዲያ አልገዛም» አሉ።

ፉንዲስዋ ፊቷ ተለወጠ። «አታላይ ነሽ ልትለኝ ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው?»

«አንቺም ተታለሻል ነው የምልሽ።»

«ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ጠረጴዛ ነው ዞሊሌ።»

ዞሊሌ አለቻቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ ደንበኞቿ መለሰች። አንዲት ሴት ከረሜላ ገዛች፤ አንድ ሹፌር የስልክ ካርድ ገዛ። ታታ ዞሊሌ የሚይዙት ነገር የሌለው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ በቀዳዳው አለፈ። የፈሩት ሆነ። ቤታቸውን አሰቡ፤ ጋዜጣው የተነሣበትን ወንበር፣ ባዶውን መሳቢያ። ዞረው መራመድ ጀመሩ።

«የት ነው?» አለች ፉንዲስዋ ሳታያቸው።

«ወደ ቤት።»

«ጠረጴዛውን ማን ሊጠብቅልኝ ነው?»

ታታ ዞሊሌ ቆሙ።

«ከንጋት ጀምሮ ሽንት ቤት አልሄድኩም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በየቀኑ እንዲህ ነው። ውሃ እንኳ የማልጠጣው ለዚህ ነው። ትቼ ብሄድ ግማሹን አላገኘውም። ስንት ጊዜ ልለምንህ አስቤ ተውኩት።»

«ለምን ተውሽው?»

«ደንበኛን ጠረጴዛ ጠብቅ አይባልማ።» በእግሯ የብርቱካን ሣጥን ገፍታ ወደሳቸው አስጠጋች። «ቁጭ በል።»

ተቀመጡ። እሷ ሄደች፤ መሮጥ ነበር የቀራት። ብዙም ሳይቆይ የቅዳሜው ተራ አስከባሪ መጣ።

«አባታችን፣ ከተጠበሱ በኋላ ነጋዴ ሆኑ?» አለ። «እንግዲያው እንጆሪ ቬፕ ይስጡኝ።»

«አልሰጥህም።»

«ምነው?»

«ቅዳሜ ጨው ፈልገህልኛል፤ ላንተም እንዳይፈለግልህ ብዬ ነው» አሉ ታታ ዞሊሌ። «ስማ ልጄ። ይሄ ዕቃ የሚጠብቀው ነገር የለውም። የምታስቀምጠው ሱሪህ ኪስ ውስጥ ነው፤ እኔ እንኳ ካፖርት ነበረኝ። ከተውኩት ሁለት ቀኔ ነው፤ ሳል ከእንቅልፌ አይቀሰቅሰኝም፣ ትራሴ አጠገብ የሚግል ነገር የለም፣ ከግድግዳው ማዶ ያለችው ልጅም ተኝታ ታድራለች። እኔ ክሊኒክ ልሄድ ነው፤ አንተም መተው ብትችል ተው። ካልቻልክ ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ ግዛ፣ ሳጥኑ የሚልህን አትመን፣ ተኝተህ ቻርጅ አታድርግ።»

«ታዲያ እዚህ የሚሸጡት ምንድን ነው?»

«ብርቱካን።»

ተራ አስከባሪው ሳቀና ብርቱካን መርጦ ሄደ። ፉንዲስዋ እጇን እያራገፈች፣ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች፤ ቆማ ጠጣች።

«ምን ሸጥክ?»

«ብርቱካን።»

«ከዚያኛው ሳጥንስ?»

«ከዚያኛው አንድ ሰው መለስኩ።»

ፉንዲስዋ የቬፑን ሳጥን አንሥታ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠችውና «ያ አከፋፋይ ይምጣ ብቻ፣ ይሰማኛል» አለች። ብርቱካኗን እንደገና መቆለል ጀመረች። እሳቸው ሲነሡ ቀና ሳትል «ነገ ቀደም ብለህ ና» አለች፤ «የምቸገረው ጠዋት ነው።»

ታታ ዞሊሌ ነገ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ እያሰቡ መንገዳቸውን ያዙ። ስትሰናበታቸው በጎሳ ስማቸው እንዳልጠራቻቸው ያስተዋሉት ግቢያቸው በር ላይ ሲደርሱ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አልጎደለባቸውም ነበር።